የቧንቧ ሠራተኛው ልብ

እንደ ወትሮው በነበረው በመጨረሻው ቀን ታላቅ ወንድሜ የጎረቤታችንን የሐጂን ሱቅ ቧንቧ ሲጠግን ዋለ። የፍልሰታ ጾም ከገባ አሥረኛው ቀን ነበር።

ሰቆጣ ውስጥ ልቡ ላይ ሽቦ የገባለት እሱ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ እሱም አላስተባበለም። ከአዲስ አበባ ከተመለሰ አምስት ወሩ ነበር። እዚያ ሐኪሞች የተዘጋውን የልቡን የደም ሥር በትንሽ የሽቦ ቱቦ ከፍተውለታል፤ ቱቦው መድኃኒት የተቀባ ነው። ሊጠይቀው የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ሽቦው የሚለው አላጣም። አንዱ ይዝጋል ወይ ይላል። ሌላው መብረቅ ሲኖር ከቤት አትውጣ ብሎ ይመክራል። አክስታችን ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆዩና «ይሰማኛል» አሉ።

«የጠዋቱ ክኒንስ?» አሉት ሐጂ የዚያን ቀን።

«ለጾሙ አቁሜዋለሁ። ክኒን ውጦ ምን ጾም አለ?»

«የታመመ ጾም የለበትም። በእኛም፣ በእናንተም።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ መቼ ቄስ ሆኑ?»

«እንግዲያ የነፍስ አባትህን ጠይቅ።»

«ድኛለሁ እኮ። እኔ ቧንቧ ከከፈትሁ በኋላ ለቧንቧው ክኒን አዝዤ አውቃለሁ?»

ሐጂ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ከእሳቸው ይልቅ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ ያስረዳው ለእኔ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረስሁ «ነገር የሚገባው እሱ ነው» ተብዬ በአስታማሚነት ሄጄ ነበር። «ሽቦው ላይ ሥጋ እስኪለብስ ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ክኒኑን እንዳያቋርጥ» አለኝ። እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰቆጣ ስገባ ግን ለጎረቤት ያወራሁት ስለ ሆስፒታሉ ሊፍት ነው።

ወንድሜ የነፍስ አባቱን ያልጠየቀው አፍሮ ነው። ድኛለሁ ብሎ አገር ካስወራ በኋላ፣ ታምሜአለሁና ይፍቀዱልኝ ማለት ከበደው። ይህንንም አውቅ ነበር። ግን በቤታችን ታናሽ ታላቁን አይመክርም፤ ያውም ታላቁ እየጾመ ታናሹ ቁርሱን በልቶ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቧንቧው ውኃ ሰጠ። ወንድሜ እጁን ታጠበ። ደረቱን ያዘ። «ትንሽ ልቀመጥ» አለ። ሐጂ ባጃጅ አስቆሙ። ሆስፒታል ስንደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሞላ። ለቀስተኛው ሁሉ የልብ ሐኪም ሆኖ አድሯል።

«ሽቦው ነው የገደለው» አለ አንዱ።

«ብረትና ሥጋ መች ይስማማል» አለ ሌላው።

ከጋዝጊብላ የመጡት አጎታችን ይሰሙ ነበር። እሳቸውም ያው በሽታ አለባቸው፤ ሽቦው እንዲገባላቸው ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። በመጨረሻ «እንግዲህ እኔ ከቀጠሮው ቀርቻለሁ» አሉ። ሰዉ ሁሉ ደግ አደረጉ አላቸው።

ተነሣሁ።

«ሽቦው አይደለም» አልሁ። «ክኒኑን ለጾም አቁሞ ነበር። እንደሚያሰጋ... ሐኪሙ ለእኔ ነግሮኛል። አውቅ ነበር። አልነገርሁትም።»

የነፍስ አባቱ ቀና አሉ።

«ክኒኑን ውጠህ ጹም እለው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ምነው ልጄ፣ አንተስ መጥተህ ብትነግረኝ?»

ሄጄ አጎታችን አጠገብ ተቀመጥሁና ሐኪሙ ያለኝን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። ያልገባቸውን ሲጠይቁኝ ደገምሁላቸው።