የጋሼ ቢተው የመዳብ ዘንግ

ባለፈው ኅዳር፣ በምማርበት ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ተማሪ የጋለ መበየጃውን በሙጫ ላይ አሳረፈ። ቀጭን ነጭ ጢስ ተነሣ፤ የሙጫው ጣፋጭ ሽታና የሚቀልጠው ቆርቆሮ ጎምዛዛ ትንፋሽ ተቀላቅለው ወደ እኔ መጡ። ሌላው ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲደርስበት ልቡ በናፍቆት ይሞላል። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ያ ሽታ የጋሼ ቢተው ቤት ሽታ ነበር፤ ጋሼ ቢተውን ደግሞ ያለ ፍርሃት ላስታውሳቸው ከቶ አልቻልሁም።

ጋሼ ቢተው በዳንግላ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። በወታደር ቤት የመገናኛ ክፍል ብዙ ዓመት አገልግለው፣ አንድ እግራቸውን ጎድተው ወደ ትውልድ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ የካኪ ካፖርታቸውን በበጋም በክረምትም ከትከሻቸው አያወርዱም። የቆመ ሰዓት፣ ያረጀ ፋኖስ፣ የደነቆረ ሬዲዮ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር። የቤታቸው ግድግዳ በሽቦ ጥቅሎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ከመስኮቱ ሥር ከወታደር ቤት ዕቃ ቅሪት የገጣጠሙት፣ ክዳን የሌለው የድምፅ ማሰራጫ ተቀምጦ ነበር። ባትሪውን የሚያስሞሉት በወፍጮ ቤቱ ሞተር ነው።

የነገሩ መነሻ ግን የአቶ ሰይድ ሬዲዮ ነበር። አቶ ሰይድ የከተማው የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በባትሪ የሚሠራ የጀርመን ሬዲዮ ነበራቸው። ጣቢያ ሲያዝ የምትጠብ፣ ሲጠፋ የምትሰፋ አረንጓዴ የብርሃን ዓይን በፊቱ ላይ ነበረች። በመስተዋቱ ላይ ከተጻፉት መስመሮች ከሁሉ በታች ያለው፣ ኤፍ ኤም የሚባለው፣ ከዳር እስከ ዳር ቢፈለግ የዝናብ ድምፅ የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ይሰጥ ነበር።

«ይኸ መስመር እንዲህ ሲንሾካሾክ ሊኖር ነው?» አሉ ጋሼ ቢተው አንድ ቀን።

«ጂኒ ካልሆነ ማን ይናገርበታል?» አሉ አቶ ሰይድ እየሳቁ።

«እኔ።»

ጋሼ ቢተው አልሳቁም። በዳንግላ፣ በግምጃ ቤትና በቆሰበር መካከል ባሉት መንደሮች አማርኛ የማያውቁ የገበሬ ልጆች የአስተማሪ ፊት ሳያዩ ያድጉ ነበር። በየገበያው አንድ ሬዲዮ ቢቀመጥ፣ ከዚያች ክፍላቸው ሆነው ፊደልና ቁጥር በአገውኛ እያስረዱ ሊያስተምሯቸው አሰቡ። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ባለ ጋሪ የነበረው አባቴ ከቆሰበር ደጋ ረጃጅም ቀርከሃ ጭኖ አመጣላቸው። ሁለቱን በሽቦ አጋጥመው ከጣሪያው በላይ አቆሙት። በጫፉ ላይ ከተሰባበረ የጭነት መኪና የነዳጅ ቱቦ የተሠራ፣ ክንድ ተኩል ያህል የሆነ የመዳብ ዘንግ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ተተከለ፤ ከሥሩም አራት ተመሳሳይ ዘንጎች እንደ ጃንጥላ አጥንት ወደ አራቱ ማዕዘን አዘነበሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነበር። ቀርከሃውን ያወርዱታል፣ ዘንጉን በሞረድ የጥፍር ያህል ይቀንሱታል፣ መልሰው ያቆሙታል። ልኩን የምትነግራቸው በሽቦ ቀለበት ላይ የተበየደች አንዲት የባትሪ መብራት አምፑል ናት። በረጅም እንጨት ጫፍ አስረው ወደ ዘንጉ ሲያስጠጓት፣ ምንም የባትሪ ድንጋይ ሳይኖራት፣ በጠራራ ፀሐይ ትቀላለች፤ ዘንጉ ወደ ልኩ በቀረበ መጠን ትደምቃለች። አንድ ጊዜ ከልክ በላይ ሞረዱትና ያ የብዙ ቀን ድካም ከንቱ ሆነ፤ ሌላ ቱቦ ፍለጋ ሄዱ። እናቴ ያችን አምፑል ባየች ቀን አማትባ፣ ከአጥሩ ወዲያ እንዳልሄድ አስማለችኝ። እኔም መሐላዬን በማግስቱ አፈረስሁ። በዓመቱ መጨረሻ ማሰራጫውን የሚከፍቱት እሳቸው፣ በአቶ ሰይድ ሱቅ መስመሩን ፈልጌ የማገኘው እኔ ነበርሁ።

ዘመኑ ግን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገርበት ዘመን ነበር። በመዲናይቱ ግርግር መነሣቱ ተሰምቶ፣ በየመንገዱ መሣሪያ ይፈተሽ ነበር። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛውሮ የመጣ የፖሊስ አሥር አለቃ በጋሼ ቢተው ደጃፍ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ይኸ ቀርከሃ ለበረት ማገር ነው ወይስ ለመንግሥት ግልበጣ?»

«ለትምህርት ነው፣ አሥር አለቃ።»

«ለትምህርት? ሰማዩን ፊደል ልታስቆጥር ነው?» ከዚያ ሳቁን ቆርጦ ወረቀት አወጣ። «ስማ። የከተማው ወሰን ወንዙ ነው። ድምፅህ ከወንዙ ወዲህ ከቀረ መጫወቻ ነው ብዬ እጽፋለሁ። ከተሻገረ ግን ያለ ፈቃድ የቆመ ጣቢያ ነው፤ በሰንሰለት ደብረ ማርቆስ ትወርዳለህ። ቅዳሜ እንለካዋለን። እስከዚያ ዘንጉን ብትነካ ወየውልህ!»

ዘብ አቆመባቸው። በዚያ ቀን አባቴ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «እንደምንም ብለው ትንሽ ቢያበላሹትስ?» ሲላቸው ሰማሁ። ጋሼ ቢተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘቡ ዓይኑን ከቀርከሃው አላነሣም ነበር። «ስሌቴ ከወንዙ ማዶ እስካለው ዳገት አናት ይሄዳል ይላል» አሉ በቀስታ። የተናገሩት እንደ ሞት ፍርድ ነበር። ያን ያህል ጊዜ እንዲርቅ የደከሙበት ነገር እንዳይርቅ የሚለምኑ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሥር አለቃው ጋሼ ቢተውን ከማሰራጫው ፊት አስቀመጣቸው። «እስክንመለስ ትቆጥራለህ። በአማርኛ ብቻ! በአገውኛ ብትናገር ምን እንዳልህ በምን አውቃለሁ?» ብሎ በሩን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔ በአባቴ ጋሪ ላይ የአቶ ሰይድን ሬዲዮ በጭኔ ታቅፌ ተቀመጥሁ፤ ባትሪው ከእግሬ ሥር ነበር። መስመሩን አጥርቶ የሚይዝ ሌላ ሰው በመጥፋቱ ነው እንጂ እናቴ በምንም አትለቀኝም ነበር።

የቆሰበርን መንገድ ይዘን ወጣን። «መቶ ሰባት፤ መቶ ስምንት…» የጋሼ ቢተው ድምፅ ከጭኔ ላይ እንደ ጎረቤት ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። በሰላሙ ቀን ቢሆን በደስታ በዘለልሁ። አሁን ግን የጋሪው ጎማ በዞረ ቁጥር፣ «ዝም በሉ፣ ጋሼ ቢተው፣ እባክዎ ዝም በሉ» እያልሁ በልቤ እለምናቸው ነበር። መንገዱ ወደ ወንዙ ሸለቆ ማሽቆልቆል ሲጀምር ድምፁ ተሸራረፈ፤ ቁጥሮቹ መካከላቸው እየተቦጨቀ መጡ፤ ውኃው ዳር ስንደርስ ሹክሹክታው ዋጣቸው። ተሻግረን ቆምን። ሹክሹክታ ብቻ።

አሥር አለቃው ወረቀቱን በጋሪው ጣውላ ላይ ዘርግቶ ጻፈ። «ከወንዙ አያልፍም» ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «ባለ ጋሪ፣ ምስክር ነህ፤ ፈርም።» አባቴ መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ደረቴ ላይ የተጫነው ድንጋይ የወረደልኝ መሰለኝ።

ነገር ግን ወንዙ ዳር ጭቃ ነበር፤ ጋሪው የሚዞርበት ቦታ የለም። አባቴ ከዳገቱ አናት ላይ ሊያዞር ፈረሱን ወደፊት ነዳ። አሥር አለቃው ሸክም ለማቅለል ወርዶ ከኋላ በእግሩ ተከተለን። ሬዲዮውን መዝጋት ማንም አላሰበም፤ እኔም ሳልዘጋው ቀረሁ። ከአናቱ ስንደርስ ከተማው ከሩቅ ታየ፤ ከጣሪያዎቹም በላይ ያ ቀርከሃ እንደ መርፌ ቆሟል። አረንጓዴዋ ዓይን ድንገት ጠበበች። ሹክሹክታው ጸጥ አለ። በጸጥታውም ውስጥ የጋሼ ቢተው ድምፅ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ያህል ቀርቦ፣ ተሰማኝ። እየቆጠሩ አልነበረም። ጊዜውን ገምተው፣ ገና ከሸለቆው አልወጡም፣ ብቻዬን ነኝ ብለው፣ በአገውኛ ይለምኑ ነበር፦ «ጌታዬ፣ አይስሙኝ። እባክህ፣ እዚያው ወንዙ ዘንድ አስቀረኝ።»

እጄ የሬዲዮውን ቁልፍ አዞረ። ሹክሹክታው ተመለሰ።

«ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ» አለ አሥር አለቃው ከኋላ እያለከለከ።

«ፈረሱ ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ ሳይዞር። «ዳገት ሲበዛበት ያጉረመርማል።»

«ፈረስህ በሰው አፍ ነው የሚያጉረመርመው?»

«ጌታዬ፣ ይኸን ዳገት በየቀኑ ቢወጡት እርስዎም በፈረስ አፍ ያጉረመርማሉ።»

አሥር አለቃው ሳቀ። የአባቴ አንገት ሥር ግን ላብ እየተንጠባጠበ ኮሌታው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ቤት ስንደርስ ፈረሱን ሳይፈታ በትከሻዬ ያዘኝ። «የሰማኸውን አልሰማህም። ጣቴን አትሜበታለሁ፤ ብትናገር የምታሰረው እኔ ነኝ። ለእሳቸውም ቢሆን አትንገር፤ ደስታቸውን መደበቅ የሚችሉ ሰው አይደሉም።»

በማግስቱ ጋሼ ቢተው በአጥሩ ላይ ተደግፈው ጠሩኝ። ፊታቸው ከበሽታ እንደተነሣ ሰው ፊት ነበር። «አመስጋኝ ነኝ፤ በውነት አመስጋኝ ነኝ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ሬዲዮውን የያዝኸው አንተ ነህና… ጋሪው ከዞረበት ከዳገቱ አናት ላይስ? ትንሽም ቢሆን?» አሉኝ። ዓይኖቻቸው ጥያቄውን ሁለቱንም መልስ እየፈሩ ይጠይቁ ነበር። አባቴ ከበረቱ በር ላይ ቆሞ ያየናል።

«ምንም አልተሰማም፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «እንግዲያው የተሳሳትሁት ነገር አለ ማለት ነው።»

ያ ወረቀት ከሰንሰለት አዳናቸው። አገሩ ሲረጋጋ ለትምህርት ማሰራጫ እንዲፈቀድላቸው ሲያመለክቱ ግን፣ ያው ወረቀት ከመዝገብ ወጥቶ ተነበበላቸው፤ ከወንዝ ለማያልፍ ድምፅ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ድጋፍም አይገባውም ተባሉ። አልተከራከሩም። በወረቀቱ አምነው ነበርና። ቀርከሃውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። እኔ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደብረ ማርቆስ ሄድሁ፤ በየክረምቱ ስመለስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ የአባቴን ጣት አስብና ዝም እላለሁ። በሦስተኛው ክረምት ሳልደርስላቸው አረፉ።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለቅሶ ልደርስ በሄድሁ ቀን፣ «ይኸን የሚያነበው ከአንተ በቀር ማን አለ?» ብለው ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ሰጡኝ። ከዳር እስከ ዳር የእርሳስ ጽሑፍ ነው። የዘንጉ ርዝመት፣ የቀርከሃው ቁመት፣ የወንዙ ሸለቆ ጥልቀት፣ የዳገቱ ከፍታ፤ ተሰልቶ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተሰልቶ። በየገጹ ግርጌ፣ «ስሕተቱ እዚህ ይሆን?» የሚል ቃል አለበት። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደጻፉት ለመቁጠር ድፍረቱን አላገኘሁም።

ባለፈው ኅዳር፣ የመበየጃው ሽታ በደረሰብኝ ቀን፣ ከቤተ ሙከራው እንደተመለስሁ ደብተሩን አወጣሁ። አሁን የተማርሁትን ይዤ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ተከተልሁ። በየትኛውም ገጽ ላይ ስሕተት አልነበረም። የመጀመሪያው ስሌት፣ እሳቸው ገና ሳይጠራጠሩ የጻፉት፣ ድምፁ በሸለቆው ውስጥ ጠፍቶ ከዳገቱ አናት ላይ እንደሚመለስ በትክክል ያሳይ ነበር።