የጽዋው ቀማሽ

ልጅቷ ሰኞ ማክሰኞ መዝለሏን የተወች ጊዜ ነገር ጠረጠርኩ። እናቷ ግን ምንም አልታያትም።

«ጭቃው ነው እትዬ፤ የት ላይ መስመር ታስምር?» አለችኝ።

እውነትም ነሐሴ ነበር። በነሐሴ የፎገራ ሜዳ መሬት መሆኑን ይረሳል። የርብ ወንዝ እስከ አፉ ይሞላና ሩዙን፣ መንገዱን፣ የከብቱን በረት አንድ ውሃ ያደርገዋል። ቢሆንም ልጅቷ በደረቁ የቤት ወለል ላይም አልዘለለችም። እናቷ ስትነሳ ትነሳለች፤ እናቷ ጓዳ ስትገባ በሩ ላይ ትቆማለች። ልክ እንደ ዘበኛ።

ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። ወረታ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ መጠጥ ያሸነፋቸው እናቶች ከነልጆቻቸው የሚያርፉበት ግቢ አለ፤ እኔ እዚያ ነው የምሠራው። ወጥ እሠራለሁ፣ ልጅ አጥባለሁ፣ ሲያለቅሱ አብሬ እቀመጣለሁ። የቀረውን ከነርሷ እየሰማሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ለመድኩት። ግቢያችን እናትን ብቻዋን አይቀበልም። እናቲቱ ድና ልጇ ከነፍርሃቱ ከቀረ ምን ዋጋ አለው? ይህችም እናት ስትመጣ ሕፃን አዝላ፣ ገና የወተት ጥርሷ የሚነቃነቅ ልጅ አስከትላ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ነው የምትተኛው። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያስተምራት የእናቷን አፍ ታሸት ነበር። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ እናትሽን እኛ እንጠብቃታለን» እያልን፣ እያጫወትን፣ ስንት ጊዜ ፈጅቶብን መሰላችሁ ቀሚሱን የለቀቀችው።

እናትየው አረቄ አውጪ ነበረች። አረቄ ከመቃው ጫፍ ሲንጠባጠብ ካልቀመሱት ጥሩ መውጣቱ አይታወቅም፤ ያ ቅምሻ ነው እያደር የወሰዳት። ባሏ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ቀረ። ይፋግ የሚኖሩት የባሏ እናት ልጆቹን ሊወስዱ መጥተው፣ በሽማግሌ ተለምነው ነው የተመለሱት። «እሺ ብያለሁ» አሉ ያን ጊዜ። «ዳግመኛ መጠጥ ልጆቼን የነካ ዕለት ግን ይዣቸው እሄዳለሁ።» ክፉ ሴት አይደሉም። ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ ያዩ ሰው ናቸው።

እንግዲህ እሷ ድና፣ ሜዳው ላይ ወዳለው የአባቷ ቤት ተመልሳ፣ ሩዝ ዘርታ ተቀምጣ ነበር። እኔም አለፍ እያልኩ እጠይቃታለሁ። ያን ቀን የልጅቷን ነገር ሳይ፣ «ምን ሊመጣ ነው?» አልኳት።

«ተራ ደርሶኛል» አለች። «የአባቴ የመድኃኔዓለም ማኅበር።»

ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አባቷ ሲሞቱ ማኅበሩን ለእሷ አወረሷት። ጠላውን ጎረቤት ትጠምቅላታለች፤ ያ ተነጋግሮ አልቋል። የቀረው ቅምሻው ነበር። በእኛ አገር የሚያስተናግድ ሰው ሳይቀምስ አይቀዳም። በመዳፉ ጠብ አድርጎ፣ በእንግዳው ዓይን ፊት ፉት ካለ በኋላ ነው የሚያዞረው። ሳይቀምስ የቀዳ፣ ምን አድርጎበት ይሆን ተብሎ ይታማል።

«ካህን የባረከው እኮ ነው» አለች ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ። «የማኅበር ጠላ መጠጥ አይባልም።»

«መባረኩን ምላስሽ ያውቃል?»

ሳቀች። ሳቋን አልወደድኩትም።

የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። እኒያ ሽማግሌ ቄስ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ብርዝ ትቅመስ፤ ማሩን በውሃ በጥብጡላት። ለማኅበርተኛው እኔ እናገራለሁ» አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ቀለለኝ።

በበዓሉ ዕለት ርብ ሞላ። እኒያ አባት ከወንዙ ማዶ ቀሩ፤ ምንም የማያውቁ ወጣት ቄስ ከቅርብ ደብር ተጠሩ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ሄጄ ደረስኩ። ውሃው ድምፅ የለውም። ከማሳው የተሰደደ እባብ በየሰው አጥር ሥር ተጠምጥሞ፣ የሚገድለው እንኳ አጥቶ ይታይ ነበር።

ስገባ ከፍ ካለው መደብ ላይ የይፋጓ አማት ነጠላቸውን አደግድገው ተቀምጠዋል። ማንም አልጠራቸውም። ለበዓል የመጣን ግን ማን ይመልሳል?

ዳቦው ተባረከ፣ ጠላው ተባረከ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ቅጂ እንጂ ልጄ። ውጭው ሁሉ ውሃ ሆኖ እኛ በጥም እንሙት?»

ቤቱ ሳቀ። እሷ ማንቆርቆሪያውን ያዘች። ቀድማ ያስቀመጠችውን ብርዝ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

«አይ፣ አይ» አሉ ሙሴው። «ብርዙን ማን ፈራው? እኛ የምንጠጣውን ነው እንጂ።»

«አባቴ፣ ሐኪም ከልክሏታል» አልኩ ከበሩ።

«ሐኪም ጠብታ ይቆጥራል እንዴ? በረከት ነው እቴ፤ በረከት ማንን ይጎዳል?»

ወጣቱ ቄስ ፈገግ አሉ። ሌሎቹም «አዎን፣ በረከት ነው» ተባባሉ፤ ከልባቸው ነበር፣ ለክፋት አልነበረም። ያ ነው ያስፈራኝ። በክፋት ቢሆንማ እጣላቸው ነበር።

አማትየው ሳይጮሁ፣ «ትቅመስ እንጂ፤ ድኛለሁ አላለችም?» አሉ።

 እሷ ከማንቆርቆሪያው በመዳፏ ጠብ አደረገች። ጠላው በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። ያን ጊዜ ፊቷን አየሁት። ፈርታ ብቻ አልነበረም፤ ጓጉታለች። መዳፏ ወደ አፏ መሄድ ጀመረ።

ልጅቷ ከየት እንደመጣች አላየሁም። የእናቷን የእጅ አንጓ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ሳበችው፤ አፏን መዳፉ ላይ ደፍታ ጠጣችው። እስከ ጣቶቹ ላሰችው።

«እኔም የቤቱ ልጅ ነኝ» አለች ቀና ብላ። «ቀምሻለሁ። ደግ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «የአያቷ ልጅ! ይች ናት ወራሽ!» አሉ ሙሴው። «ተቀምሷል፣ ቅጂ።»

እናትየው ቀዳች። ምን ታድርግ? ማንቆርቆሪያው አልቆ እንደገና ተሞልቶ ሲመጣ ግን ልጅቷ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ተራዋን እንደሚጠብቅ ሰው። ማንም አላዘዛትም።

እናቷ አየቻት። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጽዋውን ከነጨርቁ አውርዳ ሙሴው እግር ሥር አኖረችው።

«ለሚቀጥለው ባለተራ ያድርሱልኝ አባቴ። ወደ እኔ ግን አይመለስ።»

ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ሜዳ ማኅበር ማለት ጎርፍ የወሰደውን ጎጆ የሚያቆምልሽ፣ ባል ለሌላት የሚያርስ ሰው ነው። ሙሴው ጨዋታቸው ጠፋ። «የአባትሽን አደራ?» ብቻ አሉ። 

አማትየው ተነሱ። ልጅቷን በትከሻዋ ይዘው ወደ እንግዶቹ አዞሯት።

«ልጄ ጠላ ጠጥታለች። በእናቷ እጅ። ሁላችሁም ምስክሮቼ ናችሁ።»

ቅድም የሳቁት ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

በማግስቱ እናትየውን ከነልጆቿ ወረታ፣ ግቢያችን አመጣኋቸው። ብዙም ሳይቆይ አማትየው ሽማግሌ ይዘው ተከተሉን። የንስሐ አባቷም ውሃው ጎደል ሲል አብረው መጡ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን በእርጋታ ጠየቋት።

«እናትሽ ጠጥታለች?»

«አልጠጣችም። እኔ ነኝ የጠጣሁት» አለች፤ ኮራ ብላ።

«ሰማችሁ?» አሉ አማትየው።

የንስሐ አባቷ ስለ እናትየው ለመኑ፤ እኔም የማውቀውን ተናገርኩ። ፍርዱ ግማሽ ፍርድ ሆነ፦ ልጆቹ ሩዙ እስኪታጨድ ከእናታቸው ጋር ግቢያችን ይቆዩ፤ ያን ጊዜ ታይቶ ይወሰናል። አማትየው አልተከራከሩም። ወደ ይፋግም አልተመለሱም። ከግቢያችን ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራዩና እንዝርታቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። ጎህ ሲቀድ አሉ። ምሳ ስናወጣ አሉ። ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ፈትሉ ከእጃቸው ሳይቋረጥ በዓይናቸው ይሸኟታል፣ በዓይናቸው ይመልሷታል።

እናትየው ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግራ ጉልበታቸውን ትስማለች። ከዚያ ቀና ብላ ትንፋሿ ፊታቸው እስኪደርስ ቀርባ ትቆማለች፤ እንዲያውቁት። እሳቸው ትንሽ ያቆዩአትና፣ «ዛሬም ደኅና ነሽ» ይሏታል።

ትናንት ከሜዳው የመጣ ሰው ሩዙ ቢጫ መልበስ መጀመሩን፣ አጨዳው መቃረቡን ነገረን።