የአሻንጉሊቷ ክንድ

አክስቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ቀኝ እጇ በስትሮክ የሰለለ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ፣ «አሁንስ በቃሽ፤ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ» ሲላት፣ እሷ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆና፣ «አንዱ ቢቀረኝም እጅ አልሰጥም!» ብላ አሳቀችን። ሳቃችን ሳያልቅ ግራ እጇን ፊደል ታስቆጥር ጀመረች።

አሁን ሰሌዳ ላይ የምትጽፋቸው ፊደላት ነፋስ እንደገፋው ሣር ወደ አንድ ወገን ያጋድላሉ። ይነበባሉ፤ አዲሱ ዳይሬክተር ግን አይነበቡም አለ።

«ክፍሉን ለወጣት ሰጥተን እርስዎን መጻሕፍት ቤት ብናደርግዎስ?»

«መጀመሪያ ገብተው ይዩኝ» አለችው።

ሊያያት በመጣ ቀን እኔም ቦርሳዋን ይዤ ገባሁና ከኋላ ተቀመጥኩ።

የዕለቱ ትምህርት ሦስት የሚመሳሰሉ ግሦች ነበሩ፤ ስዊንግ፣ ስዌይ፣ ዳንግል። ሌላ ሰው «ያው መወዛወዝ ነው» ብሎ ያልፋቸዋል። እሷ አታልፍም። የላላውን በር በእግሯ ገፋችው፤ ሄዶ ተመለሰ። «ስዊንግ! ጉልበት አለው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል።» በመስኮቱ ዛፉን አሳየች። «ስዌይ! ሥሩ መሬት ይዟል፤ አናቱ ከነፋሱ ጋር ነው።» ቀጥላ ከጣሪያው በገመድ የወረደውን አምፖል ጠቆመች። «ዳንግል! ከላይ ታስሯል፤ ከታች የሚይዘው የለም፤ በራሱ የሚያደርገውም የለም።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ በር እንዲህ አይቼ አላውቅም።

ልጆቹ ያዙት፤ የጠየቀቻቸውን ሁሉ እየተሻሙ መለሱ። ከዚያ ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ ጥያቄ አነበበች። አሻንጉሊቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተኝታለች፤ ክንዷ ወደ ታች ወርዷል። የቱ ግስ ነው?

ዓይኖች ሁሉ ወደ አክስቴ ቀኝ ክንድ ሄዱና ደንግጠው ተመለሱ።

«ስዊንግ» አለች ከፊት ያለችው ልጅ፣ ዴስኳን እያየች።

«ስዌይ» አለ ጎረቤቷ፣ ከእሷ ብሶ አቀርቅሮ።

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ሊያይ የመጣው ይህንኑ ነበር።

አክስቴ ግን ወደ ልጆቹ ዞረች። «ቅድም ታውቁት ነበር። ማን ወሰደባችሁ?»

«ቲቸር... እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

«በይሉኝታ እንግሊዝኛ ልታስተምሩኝ? የከፋኝስ ስህተታችሁ ነው!»

ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ይዛ እስከ ትከሻዋ አነሣችና ለቀቀችው። ወደቀ፤ ትንሽ ወዲያና ወዲህ አለና ቆመ። እኛ ዘመዶቿ ያንን ክንድ በሻርፕ ሸፍኚው እያልን ስንለምናት የኖርን ነን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳንግል» አሉ በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም! ምላሳችሁም ሰለለ እንዴ?»

«ዳንግል!» ጮኹ እየሳቁ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ ራሴስ?» በዴስኮቹ መካከል ተራመደች። ከታመመች ወዲህ ስትሄድ ሰውነቷ ወደ ጎን ይጥላታል።

«ስዌይ!» አለ ከአጠገቤ አንድ ቀልደኛ፣ ሳያስብ።

«ጎበዝ! እግሬ መሬት ይዟል።»

ስንወጣ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ልጆቹ እኮ እያዘኑልዎት ነው የሚማሩት። ቢያርፉ አይሻልም?» አላት።

«የእነሱን ሐዘን ዛሬ አስትቻቸዋለሁ። የእርስዎን ነገ እንሞክራለን።»

«እኔ ለእርስዎ ብዬ...»

«እነሱም ለእኔ ብለው ነው የተሳሳቱት። ክፍሌን የፈለገ መጥቶ ይውሰድ፤ እኔ በእግሬ አልወጣለትም።»

ደወሉ ተደወለ። ቀጣዩ ክፍል ይንጫጫል። ቦርሳዋን ከእኔ ተቀብላ በግራ ትከሻዋ አንጠለጠለች፤ በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች። በሩ ሄዶ ተመለሰ፤ ዳይሬክተሩ ከውጭ ቀረ።