አባቴ ወደ መቅደስ የተመለሱ ዕለት

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዲማ አካባቢ ቀድሰዋል። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ መቅደስ መግባት ተዉ። በየሰንበቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቅጥሩ በር አጠገብ ቆመው ያስቀድሱና ወደ ቤት ይመለሳሉ። አገሩ ሁሉ ከደብሩ አለቃ ጋር ተኳርፈው ነው አለ። አስታራቂ ሽማግሌ ሳይቀር ተላከባቸው። እሳቸው እቴ፣ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው ሸኟቸው።

እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ ደጀን አስተምር ነበር፤ ለገና መጥቼ ደጅ ቆመው ሳያቸው ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ አውቃለሁ። ቤት እንደገባን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

“አባባ፣ የትዎን ነው የሚደማዎ?”

ፊታቸውን በጋቢያቸው ከለል አድርገው፣ “መቀመጫዬን” አሉ። “ኪንታሮት ነው፤ ይተወኛል።”

ኪንታሮት አልነበረም። አዲስ አበባ ወስጄ ሳስመረምራቸው የፊንጢጣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ወጥቷል። ሐኪሙ መጀመሪያ ዕጢውን በጨረርና በመድኃኒት እንደሚያሳንሱት፣ ከዚያ ሆዳቸውን ሳይተረትር በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ እንደሚያወጣው አስረዳቸው። ዕጢው ለመውጫው የቀረበ ስለሆነ ሰገራቸው ዕድሜ ልክ በሆዳቸው በኩል ወደ ከረጢት ሊወጣ እንደሚችልም አልደበቃቸውም።

አባቴ ሐኪሙን ስለ ሞት አልጠየቁትም። “ልጄ፣ ተመልሼ እቀድሳለሁ?” ነው ያሉት።

“ለዚያው ነው የምሠራው፤ ቃል ግን አልገባልዎም፣ አባ።”

ባለመዋሸቱ ወደድኩት።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ከረጢቱም ጊዜያዊ ሆነ፤ ወራት ቆይቶ አንጀታቸው ተመልሶ ተገጠመ። ሆዳቸው ላይ የቀሩት ጠባሳዎች የአዝራር ቀዳዳ ቢያህሉ ነው።

ተመልሰው በቀደሱበት እሑድ ድምፃቸው ከመጋረጃው ውስጥ ሲወጣ አለቀስኩ፤ ኮራሁም። ይበልጥ የኮራሁት ግን ከቅዳሴው በኋላ ነው። ሕዝቡን ቆም በሉ ብለው፣ እኔ ፊት እንኳ አውጥተው ለመናገር የጨነቃቸውን ነገር በአደባባይ ተናገሩት።

“የጠፋሁት ከማንም ተጣልቼ አይደለም። ከመቀመጫዬ ደም ይፈሰኝ ነበር፤ አፍሬ ደበቅሁት። ሊገድለኝ ነበር። ከናንተም እንዲህ የሆነ ካለ አይሸሽግ። ልጄ ሐኪሙን ታውቀዋለች፤ ትወስዳችኋለች።”

እኔን ማን ጠየቀኝ? ቢጠይቁኝም እሺ ነበር የምላቸው። ገና ከቅጥሩ ሳልወጣ አንዲት እናት ክንዴን ይዘው ወደ ዛፉ ጥግ ወሰዱኝና፣ “እኔንም እንደሳቸው ነው፣ ልጄ” አሉኝ።