ሞጣ ላይ አልከፈት ያለው ኮፈን

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሰው የመኪናውን የኋላ ኮፈን በቡጢ ሲደበድብ ሰማሁ። ድው፣ ድው፣ ትንሽ ፋታ፣ ከዚያ እንደገና ድው። በድምፅ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም፤ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ ጆሮዬ ከጩኸት ጋር ከታረቀ ቆይቷል። ያኛው ድምፅ ግን አስቆመኝ። አላስችል ቢለኝ ቀረብ ብዬ፣ አይምቱት፣ ወደ ታች ይጫኑትና ቁልፉን ቀስ አድርገው ያዙሩት አልኩት። ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና እንዳልኩት አደረገ። ተከፈተ። መካኒክ ነሽ ወይ ሲለኝ አይደለሁም ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ ግን የማስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለ ጋሽ ኑሬ።

መምህር ኑረዲን ይባላሉ። ከጅማ ተመድበው የመጡ የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ግቢያችን ውስጥ ከዋናው ቤት ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ ሳያሰሙ ትከሻቸው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። የካፖርታቸው ኪስ የጠመኔ ብናኝ አያጣውም፤ እጃቸው የልብስ ሳሙናና ቤንዚን ይሸታል። ከቆዳ ሽፋኗ ወጥታ የማታውቅ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ቢቸና ግን ከሬዲዮዋ ይልቅ የምታውቃቸው በመኪናቸው ነው። ከአባታቸው የወረሷት ሰማያዊ አሮጌ የቤት መኪና ናት፣ መስኮቷ በእጅ የሚሽከረከር፣ ወንበሯ በብርድ ልብስ የተሸፈነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከጉድጓድ ውሃ ቀድተው ያጥቧታል፤ የጎማዋን ብሎኖች ሳይቀር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጓቸዋል። ጎረቤቱ፣ መምህር ሚስት የማያገቡት መኪናይቱ ስለምትቀና ነው እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ይስቃሉ እንጂ አይመልሱም። ነገር ግን አንድ ሰው ጣቱን መስታወቷ ላይ ካሳረፈ ፊታቸው ይጠቁራል። በዚህ ዓለም የሚኮሩበት አንድ ነገር ቢኖር የዚያች መኪና ንጽሕና ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

በሰፈሩ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣል፤ ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ክዳኑ የተገነጠለ የከሰል ካውያ። ወዲያው አይነኩትም። ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡትና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩታል። ከዚያ ባለቤቱን ይጠይቃሉ፤ መቼ ጀመረው፣ ከመበላሸቱ በፊት ማን ነካው፣ ምን ዓይነት ድምፅ ሰጠ። እኔ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር። በቃ ይፍቱታ! እላለሁ በሆዴ። እሳቸው ግን የት ጋ እንደታመመ ሳያውቁ አንዲት ብሎን አይፈቱም።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል ሊያገባ ሆነ። ሙሽራዋ ደብሬ የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ስንሻው እህል ነጋዴ ሲሆኑ በከተማው ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። እኛ ደግሞ አባታችን ቀድሞ ስላረፈ እናቴ፣ ሰፈሩ እትዬ የሺ የሚላት፣ ጥጥ እየፈተለች ያሳደገችን ልጆች ነን። ከሞጣ በኩል አንድ ወሬ ደረሳት፤ የመበለቷ ልጅ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው ተብሏል የሚል። ይቺ ቃል አንጀቷን አቃጠለቻት። ዓመቱን ሙሉ ለጥሎሹ ለፋች። ቀሚሱ፣ ጫማው፣ ጃንጥላው፣ የአንገት ወርቁ፣ ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጥበብ፣ ሁሉም ተሟልቶ አዲስ ሻንጣ ውስጥ ገባ። በእኛ አገር ጥሎሹ በሽማግሌዎች ፊት ተከፍቶ እያንዳንዱ ዕቃ ከፍ ተደርጎ ሳይታይ ሙሽራ ከአባቷ ቤት አትወጣም። የወንዱ ሙሽራ እናት ደግሞ በልማዱ ቤቷ ሆና ትቀበላለች እንጂ ከአጃቢ ጋር አትሄድም። እናቴ ግን ያ ሻንጣ ሲከፈት በዓይኔ ካላየሁ ብላ ሽማግሌዎቻችንን አስቸግራ እሺ አሰኘች።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ፣ በጥር ብርድ ጣታችን ደንዝዞ፣ ሻንጣው የጋሽ ኑሬ መኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ገባ። በላዩ ዘመድ ያመጣው ጋቢና ሌማት ተጨመረበትና በጉልበት ተዘጋ። ጋሽ ኑሬ ሲቆልፉት ቁልፉ ትንሽ ታገላቸው። ይሄ ቁልፍ ብርድ አይወድም አሉና ካፖርታቸውን ሊለብሱ ገቡ። እናቴ ሰማች። ቤታችን ውስጥ ቅቤ የማይገባበት ነገር አልነበረም፤ የበራችን ማጠፊያ ሲጮህ ቅቤ፣ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ፣ ፀጉሬ ሲከር ቅቤ። ለበሩ የሠራ መድኃኒት ለመኪና የማይሠራበት ምክንያት አልታያትም። ከቅሉ ውስጥ ለጋ ቅቤ በጣቷ ዛቀችና የኮፈኑን የቁልፍ ቀዳዳ ጥግብ እስኪል ሞላችው። እጇ ላይ የተረፈውን ፀጉሬ ላይ ጠረገች። አፌን ከፍቼ ሳያት ጊዜ፣ እዚያ ሰው ፊት እንዳያስቸግራቸው ብዬ ነው አለችኝ።

ያን ጊዜ ከቢቸና ሞጣ ያለው መንገድ ጠጠር ነበር። ሚዜዎቹን የጫነው መኪና ከፊታችን እየሄደ አቧራውን በሙሉ ለእኛ ይለቅልናል። መስኮቱን ብንዘጋው ሙቀት፣ ብንከፍተው አቧራ። ደብረ ወርቅን አልፈን ሞጣ ስንገባ የሰማያዊዋ መኪና ቀለም አይለይም ነበር። ወንድሜ የሙሽራ ልብሱ ላይ ያረፈውን እያራገፈ ይወርዳል፣ እናቴ እኔን እየጎተተች ትከተላለች፣ ጋሽ ኑሬ ደግሞ መኪናቸውን አይተው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

ዳሱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል። ምርቃቱ አለቀና ጥሎሹ ይቅረብ ተባለ። ዋናው ሚዜ ቁልፉን ተቀብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ቆይቶ ድው የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ሌላ ድው። ሁለተኛው ሚዜ ወጣ፤ ሦስተኛውም። ቁልፉ ይገባል፣ ግን አይዞርም። አንዱ ኮፈኑን ይስባል፣ ሌላው ይመታል፣ ከአጃቢው አንድ ጉልበተኛ ጭራሽ ድጅኖ ይዞ መጣ። ሰዉ ዳሱን ትቶ መኪናዋን ከበባት። ያን ጊዜ የሙሽራዋ አጎት ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ እንግዲህ ውስጡ ነገር ካለ ነዋ የሚከፈተው አለ። የሳቁ ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነውና ጥሎሽ ካልታየ ነገሩ ለሌላ እሑድ ይደር የሚል ሐሳብ አመጣ። ለሌላ እሑድ ማለት ለወንድሜ ያለ ሙሽራ ወደ ቢቸና መመለስ ነው። ለእናቴም ያ ወሬ እውነት ሆኖ መቅረቱ ነው።

ጋሽ ኑሬ ድጅኖውን በትሕትና ተቀብለው መሬት ላይ አስተኙት። ሁሉንም ዞር በሉልኝ አሉና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማየት ጀመሩ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ! መጮህ አማረኝ። ከቆይታ በኋላ ኮፈኑን በመዳፋቸው ጫን አደረጉት፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። ይሄ ደህና ነው፣ የታመመው ቁልፉ ነው አሉ ለራሳቸው። ቁልፉን አውጥተው አዩት። ጥርሱ በጥቁር ጭቃ ተለብጧል። በጣታቸው አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩአት። እናቴ መሬት መሬት ታይ ነበር። እኔም መግቢያ ቀዳዳ ብፈልግ አጣሁ።

በዚህ መሐል አቶ ስንሻው መጥተው ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ኑሬ ጣታቸውን በገዛ ካፖርታቸው ጠረጉ፤ በልብሳቸው ሲጠርጉ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ አጎትየውም ሽማግሌዎቹም በሚሰሙት ድምፅ ተናገሩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ቁልፉን ሳላጸዳው ስንት ወር ከረምኩ። ዝገቱና አቧራው ዘግቶታል።»

ሙቅ ውሃ፣ ጨርቅና ጥቂት ነጭ ጋዝ እንዲመጣላቸው ለመኑ። ማንቆርቆሪያውን ከማድቤት ይዘው የመጡት አቶ ስንሻው ራሳቸው ናቸው። ጋሽ ኑሬ መጀመሪያ ጨርቁን በነጭ ጋዝ ነክረው የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ለጠፉት፤ አካባቢው ሁሉ ኩራዝ ኩራዝ ሸተተ። ከዚያ ሙቁን ውሃ በላዩ ቀስ እያሉ አፈሰሱ። ቁልፉን ያስገቡታል፣ ያወጡታል፣ ይጠርጉታል። የታጨቀው ጓዝ ክዳኑን ወደ ላይ እየገፋው ስለሆነ ሁለቱ ሚዜዎች እንዲጫኑት አደረጉ። አንዴ ሞከሩ፣ አልሆነም። ሁለተኛም አልሆነም። በሦስተኛው ቀጭ አለ።

ኮፈኑ ሲነሣ እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም። እናቴ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እኔ አለቀስኩ። ሻንጣው ዳሱ መሐል ተከፈተና ቀሚሱ ከፍ ብሎ ታየ፣ ጫማው ታየ፣ ወርቁ ታየ። ጥበቡን ሴቶቹ እንደገና ይታይ ብለው አስደገሙት። አጎትየው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ጠላውን ይጠጣ ነበር። ከዚያ ደብሬ የአባቷን ጉልበት ስማ ወጣች፣ እኛም ፀሐይ ሳትጠልቅ መንገድ ጀመርን። እንደዚያ ቀን ልቤ ቀልሎኝ አያውቅም።

የጋሽ ኑሬ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ሞጣዎች ያንኑ ቀን መምህር ዝገቱ የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ቢቸናም ደረሰ፤ ተማሪዎቻቸው ሰሌዳ ላይ እስከ መጻፍ ደረሱ። ያ ብሎን በጥርስ ብሩሽ የሚፈትግ ሰው ቁልፉን የማያጸዳ ዝርክርክ ተባለ። እሳቸው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሰሌዳውን ያጠፋሉ፣ ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። አንድም ቀን ነገሩን ሲያርሙ አልሰማሁም፣ ለእኔም ለእናቴም አንሥተውልን አያውቁም።

እናቴም አላነሣችም። አንድ ጊዜ ለምን ይቅርታ አትጠይቂያቸውም ብያት ዝም በይ አለችኝ። አሁን ሳስበው ቃሉ አፏ ላይ እየደረሰ ይመለስባት ነበር። ቃል ባይወጣት ሌላ ነገር ታደርግ ነበር። ረመዳን ሲገባ፣ እኛ ክርስቲያን እሳቸው ሙስሊም ሆነን ሥጋችን ባይገናኝም፣ በየምሽቱ ማፍጠሪያ ሰዓት የተፈላ ወተት በራሷ እጅ ትወስድላቸዋለች። በሩ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ጋሽ ኑሬ ወደ ጅማ ተዛውረው ሲሄዱ ግቢው ጭር አለ። ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ስንሰማ እናቴ እንደ ወንድም አለቀሰችላቸው። ለአንድ ተከራይ ይህን ያህል ማልቀሷ ጎረቤቱን ገረመው።

አምና የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሞጣ አያቷ ቤት ድግስ ነበር፣ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ጨዋታው ደራ። አንድ የቤቱ አማች ያንን የሠርግ ቀን አንሥቶ፣ መምህር ዝገቱ መኪናቸውን እንደዚያ አዝገው ሠርጉን ሊያሰናክሉት ነበር እያለ እንግዶቹን ያስቃል። እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ዝገት አልነበረም» አለች። «ቅቤ ነው። ቀዳዳውን በቅቤ የሞላሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ለኔ ሲሉ ነው የዋሹት።»

እናቴ ወደ አቶ ስንሻው ዞራ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። በጣም አርጅተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ማንቆርቆሪያውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ፣ እትዬ የሺ? ቅቤው ገና ሳልጠጋ ሸቶኛል። ነጭ ጋዙን የፈለጉት ሽታውን ሊሸፍኑበት እንደሆነም ገብቶኛል። ሰውየው የኔ ነው ብለው ከወሰዱት በኋላ እኔ ምን ብዬ ልመልስልዎት?»

ደብሬ ቀጠለች። እሷ በወጣች ማግስት አባቷ ቤተሰቡን ሰብስበው፣ እትዬ የሺ ባሉበት ስለ ቅቤ የሚያነሣ ልጄ አይደለም ብለው ነበር። ታናናሾቿ ይህን ነግረዋት እሷም፣ ከእሷ የሰማው ወንድሜም ጠበቁት። ስንት ዓመት ሙሉ እነዚህ ሰዎች የእናቴን ምስጢር ከራሷ ከእናቴ ሲደብቁላት ኖረዋል። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ጠጋ ስል ከት ብላ ትስቅ ነበር፣ ቤቱም አብሮ ሳቀ።

ሳቁ ጋብ ሲል አቶ ስንሻው ወደ አማችየው ዘወር አሉ። ከእንግዲህ ያን ቅጽል እንዳልሰማ፣ ስማቸው መምህር ኑረዲን ነው አሉት። አማችየው አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። በማግስቱ ወደ ቢቸና ስንመለስ እናቴ ገና ከሞጣ ሳንርቅ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ቢቸና መግቢያ ላይ ነው የቀሰቀስኳት።