አርባ አንደኛው ሰው

ቲቸር ጡረታ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ «አሁንማ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። ለማን ነው የሚነገረው! እሷ እንደሆነች አርፎ መቀመጥ አልፈጠረባትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጠመኔውን ባስቀመጠች በወሩ ኮምፒውተር ያዘች፤ በስልሳ ዓመቷ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች።

ምክንያቷ ታናሽ ወንድሟ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከከዱት አምስት ዓመት ሆኖታል። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። የታካሚዎቹን ተራ የሚያወጣው ደግሞ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ሆስፒታሎች ይጠቀሙበታል፣ ባለቤት ግን የለውም። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የትና የት ያሉ ሰዎች ፊት ለፊት ሳይተያዩ በነፃ ይጽፉታል፣ ያርሙታል። ቲቸር «የወንድሜን ተራ የሚያወጣው ነገር እንዴት እንደሚያስብ ልየው» ብላ ገባች፤ በዚያው ቀለጠች።

ታዲያ አንድ ቀን የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ጠራት።

«ቲቸር፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰርቨሩ ይቀየራል። ፕሮግራማችሁ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ የድሮው ቨርዥን ነው፤ አዲሱ ሰርቨር ላይ አይሠራም። ወደ አዲሱ ካልቀየራችሁት ወደ ወረቀት መመለሳችን ነው።»

የወረቀቱን ዘመን ታስታውሰዋለች። አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ስም ይጻፋል፣ አንዱ ስም ይዘለላል። በዚህ በሽታ ተራ መዘለል ደግሞ የዳቦ ሰልፍ አይደለም፤ ውሃው ሳንባ ላይ ይወጣል፣ ሰው ይታፈናል።

የቋንቋው ሠሪዎች አዲሱን ቨርዥን ካወጡ ዓመታት አልፈዋል። የፕሮግራሙ ሰዎችም «እንቀይረው» እያሉ ገጽ ሙሉ አስተያየት ሲጽፉ ከርመዋል። ኧረ ሲጽፉስ! ሐሳብ የሚሰጥ ሞልቷል፤ አራት መቶ ሺህ መስመር ኮድ ፊት እጅጌውን የሚሰበስብ ግን አልነበረም። አሁን ቀን ሲቆረጥ ጥቂቶች ተነሱ። ቀላሉን ለውጥ አንድ መሣሪያ በራሱ ይሠራል፤ የቀረው እንደ ምስር በእጅ የሚለቀም ነው። ቲቸር ተራ የሚያወጣውን ክፍል ወሰደች። እዚያ ደንቡ ሌላ ዓይን ያላየው ኮድ አይገባም ነውና፣ የእሷን የሚያይላት «ጉጉት» የሚሉት ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር እግዜር ይወቀው።

ስትጨርስ ኮዱ ተራውን በልኩ ማውጣቱን የሚያዩ፣ ድሮ ራሷ የጻፈቻቸውን ሦስት መቶ መፈተሻዎች አስኬደች። ሁሉም አለፉ። ጉጉትም አየና አሳለፈው። ቲቸር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ያን ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ቨርዥን ስታወራ ዋለች፤ የገባው ግን አልነበረም።

ሰርቨሩ ሊቀየር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የእጥበት ክፍሉ ነርስ ሲስተር የድሮውንና አዲሱን ፕሮግራም ጎን ለጎን አስኬዳ ሁለቱንም ዝርዝር ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ወንድሟ አዲሱን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«እታለም፣» አላት፣ «እኔንም ጡረታ አወጣሽኝ እንዴ?»

ስሙ የለም። አርባ ስም አለ፤ አርባ አንደኛው የለም። ቲቸር ክው ብላ ቀረች። እዚያው የታካሚዎች ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ስምንት፣ ታካሚው አርባ አንድ ነው፤ ስምንት ስምንት ሰው እየሆኑ በዙር ይገባሉ፣ ዙሮቹም በሁለት ቀን ይዳረሳሉ። የድሮው ቨርዥን አርባ አንድን ለስምንት ሲያካፍል አምስት ይልና ፍርፋሪውን ይጥላል። ቀጥሎ አምስቱን ዙር በስምንት አባዝቶ አርባ ያገኛል፤ «አንድ ሰው ጎደለ» ብሎ ስድስተኛ ዙር ይከፍታል። አዲሱ ቨርዥን ግን ፍርፋሪውን አይጥልም። ከነፍርፋሪው ሲያባዛው ልክ አርባ አንድ ይመጣል፤ የጎደለ የለም ብሎ አምስቱን ሙሉ ዙር ብቻ አውጥቶ ይዘጋል። ወንድሟ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ልብስ ልስፋበት ብሎ ራሱ ለምኖ ነው መጨረሻ ላይ የተመዘገበው።

መፈተሻዎቿስ? አርባ ለስምንት፣ ሃያ አራት ለስድስት፣ ሠላሳ ለአምስት። ሦስት መቶውም ያለ ቀሪ የሚካፈሉ ናቸው። ተማሪ እንዳይደናገጥ ብላ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን ዓይነት ቁጥር፣ ሳይታወቃት እዚህም ጽፋዋለች!

ለሁሉም በሚታየው ገጽ ላይ ጻፈች፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። መፈተሻዎቼ ያለ ቀሪ የሚካፈሉ ብቻ ናቸው። ሌላ ስንት ቦታ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ያለኝ ሁለት ቀን ነው። ከዝርዝሩ የወጣው ወንድሜ ነው።»

ስድብ ጠብቃ ነበር። እነዚህ ሰዎች በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳምንት ሲጣሉ አይታለች። መጀመሪያ የመጣው ጉጉት ነው፦ «እኔም አይቼ ነው ያሳለፍኩት፤ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ኮዱ ውስጥ ማካፈል የሚገኝበት ቦታ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። ግማሹን ለእኔ ስጪኝ።» ቀጥሎ አንድ የእንስሳት ሐኪም መቶ ወሰደ። የአውቶቡስ መርሐ ግብር የምታወጣ ሴት ሁለት መቶ። ከዚያማ ስሙን ሰምታው የማታውቀው ሁሉ ጎረፈ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» የተባለው ለካ እውነት ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሃያ ሦስት የተበላሹ ቦታዎች ተገኝተው ተስተካከሉ። ሲስተር አዲሱን ዝርዝር ስትለጥፍ አርባ አንድ ስም ነበረው። ቲቸር እያለቀሰች ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ምስጋና ጻፈች።

አንድ ሰው ግን ቀራት፤ ያቺን ስድስተኛ ዙር የምትከፍተውን መስመር መጀመሪያ የጻፈው። ኮዱ እያንዳንዱን መስመር ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጻፈው የሚያሳይ መዝገብ አለው። ፈልጋ አገኘችው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፤ ማስታወሻው «ባለፈው ወር አንድ ሰው ተራ ሳይደርሰው ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሰውም ቢሆን ዙር ይከፈት» ይላል። ይድረስ አይድረስ ሳታውቅ በዚያ አሮጌ አድራሻ ጻፈች፤ የሆነውን ሁሉ ነግራ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ።

መልሱ በአራተኛው ቀን፣ ወንድሟ ማሽኑ ላይ ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ስድስተኛው ዙር ነው፤ ሰባቱ አልጋዎች ባዶ ናቸው፣ ሲስተር ለአንድ ሰው ብላ አጠገቡ ተቀምጣለች። ቲቸር ጮክ ብላ አነበበችለት፦

«እኔ ፕሮግራም ጸሐፊ አይደለሁም፤ ያኔ የማሽኖቹ ጠጋኝ ነበርኩ። ያቺን አንዲት መስመር ለመጻፍ ወር ፈጅቶብኛል። ተራ ሳይደርሳት የቀረችው እናቴ ናት። ለመሆኑ ወንድምዎ ተራውን አገኘ?»

ወንድሟ ለወትሮው ለሁሉ ነገር ቀልድ አያጣም። አሁን ግን ደሙ በቱቦው ሲሄድና ሲመለስ አየ።

«ጻፊለት እታለም፣» አላት በመጨረሻ። «የእናትህን ነፍስ ይማር ብሎሃል በይው። አሁን ማሽኑ ላይ ነው በይው።»