ጋሽ አደሎና ያልፈረሙበት የጄት ርክክብ

ጋሽ አደሎ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ፤ ረቡዕ ቀበርናቸው። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ተማሪያቸው ነኝ። ካነበብኩት ውስጥ ግን አንዱ ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነበር። ይህን የምጽፈው እዚያ ቆማችሁ ለሰማችሁኝ ሁሉ ነው።

ጋሽ አደሎ በቀድሞው ሠራዊት የተዋጊ ጄት ሞተር ቴክኒሻን ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው ወደ ቦንጋ ተመለሱና መካኒክነት አስተማሩን። የፈታነውን ብሎን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በተርታ ያስደረድሩን ነበር። አንድ ብሎን ከጎደለ ምሳ የለም፤ እሳቸውም አብረውን ይጾማሉ። ደካ በምትባል መንደር ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ወፍጯቸው ሲቆም ሄደው ጠገኑላቸው። ሴትዮዋ «ተነሣኮ፣ በቃ ይሂዱ» ቢሏቸው፣ «አንድ ቁና በቆሎ ሲፈጭ ሳላይ ተሠራ አልልም» ብለው ዱቄት ለብሰው ዋሉ።

የድንበሩ ጦርነት ተነሥቶ መንግሥት ከውጭ ተዋጊ ጄቶች ሲገዛ የቀድሞ ባለሙያዎች ተጠሩ። ጋሽ አደሎ ያለፈውን ቅሬታ ሳያነሡ በማግስቱ የጅማን አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ የርክክብ ኮሚቴ አባልም ሆኑ። ሞተሮቹ ግን በፋብሪካው ማኅተም ታሽገው መጡ። ውሉ የእኛ ሰው እንዳይፈታቸው ይከለክላል፤ የበረራ ሰዓታቸው ሲሞላ ለእድሳት ወደ ሠሪው አገር ይላካሉ። ጋሽ አደሎ አንዱን ፈትተው ለማየት ጠየቁ። የሻጩ ወኪል «የፋብሪካ ምስጢር ነው» አለ። የእኛው ኃላፊ ደግሞ «ጦርነት ላይ ነን፤ ፈርም!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ሳላየው ደህና ነው ብዬ የሰው ልጅ አላስበርርበትም» አሉ ጋሽ አደሎ። «ደግሞስ መፍታት የተከለከልነውን ሞተር ገዛን እንላለን? ነገ ሻጩ ቢያኮርፍ እኮ ጄቶቹ በቆሙበት ሣር ይበቅልባቸዋል።»

በሦስት መስመር ደብዳቤ ተባረሩ። ሌሎቹ ፈረሙ፤ የፈረሙትም ተሾሙ። ቦንጋ ሲደርሱ «በጦርነት ጊዜ አሻጥር የሠራ» የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ነበር፤ የከተማው ሹማምንትም ማስተማሩን ከለከሏቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል! ስለ ሀገር ፍቅር ጆሯችን እስኪደነቁር በተሰበሰብንባቸው አዳራሾች ሁሉ፣ ሀገራቸውን ከባዕድ ፋብሪካ ደጅ ጥናት ሊያድኑ የሞከሩትን ሰው ስም የሚያነሣ አንድ እንኳ ጠፋ። እሳቸው በጓሯቸው የመጣላቸውን መኪና ሲጠግኑ ኖሩ።

የቀብሩ ዕለት ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «የተባረረበትን ነገር እንዳለ አንብበው፤ ስሙን አጥራልኝ» አሉኝ። ሁሉንም ጽፌው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ክንዴን ይዞ፣ «ይቺ የጄት ነገር ለቅሶ ላይ ምን ትሠራለች? በጤና ምክንያት ተሰናበቱ በል፣ በቃ» አለኝ። የመንግሥት ደሞዝ የምበላ ሰው ነኝና ፈራሁ፤ እንዳለኝም አነበብኩ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ አየሁ።

ጋሽ አደሎ፣ ጤናዎ ሙሉ ነበር። ያባረሩዎት አልፈርምም ስላሉ ነው፤ ትክክልም ነበሩ። እርስዎ በጦርነት መካከል ያልፈሩትን እኔ በአንድ አለቃ ፊት ፈራሁ። ይህን ጽሑፍ በሙሉ ስሜ አባዝቼ ለቀባሪው ሁሉ እያደልኩ ነው፤ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእትዬ አስካለ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። በሰላም ይረፉ፤ ስምዎ ንጹሕ ነው።